ለሚዜዬ የጻፍኩት ሪፈር

የያዙኝ አሰላ በምሠራበት ሆስፒታል፣ ተመላላሽ ክፍል ታካሚ እያየሁ ሳለ ነው። ሁለት ሰዎች ሳያንኳኩ ገቡ። አንደኛው «ዶክተር፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አለኝ። ነጩን ጋውን ያወለቅኩት መኪና ውስጥ ነው።

መርማሪው ተናገርክ የተባልኩትን ከወረቀት አነበበልኝ። ቃል በቃል የእኔ ነበር። ያን ነገር የተናገርኩት ግን አንዴ ብቻ፣ ከበቆጂ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ለአንድ ሰው ነው። ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሐኪም ነው፤ ሠርጌ ላይም ሚዜዬ ነበር። መርማሪው የምስክሩን ስም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የታሰርንባት የፖሊስ ጣቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ከጎኔ የሚተኙት ሃምሳ ዓመት ግድም የሚሆናቸው የሲሬ ገበሬ ናቸው። ሲያንኮራፉ ማንም አይተኛም። ከዚያ የባሰው ወደ ሽንት ቤት ሲወጡ ዳር ዳር ያለውን ሰው መርገጣቸው ነው። አንዱ እስረኛ «ሆን ብሎ ነው» ብሎ በቡጢ መታቸው።

በማግሥቱ ጠዋት እጃቸውን ዘርግተው ሰላም ሲሉኝ እጄ መዳፋቸው ውስጥ ጠፋ። ቆዳቸው ወፍራምና ላብ ያዘለ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው። አገጫቸው ወደ ፊት ወጥቷል፤ የፊት ጥርሶቻቸው ተራርቀዋል።

«ጫማዎ ስንት ቁጥር ነው?» አልኳቸው።

«ድሮ አርባ አንድ ነበር። አሁን የሚገባልኝ የለም፣ በሸበጥ ነኝ። ምነው?»

«ቀለበትስ ያደርጋሉ?»

ሳቁ። «የኒካህ ቀለበቴን በመጋዝ ነው ከጣቴ ያወጡት። ሚስቴ ወፈርክ ትላለች። ወላሂ አልወፈርኩም።»

«ራስዎን ያምዎታል?»

«መች ተወኝና። ስኳርም አለብህ ብለውኛል።»

ፊት ለፊት ተቀመጥን። አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው አፍንጫዬን ብቻ እንዲያዩ ነግሬያቸው ጣቴን ከዳር ወደ መሃል አመጣሁ። «አሁን አየሁ» ያሉት ጣቴ ፊታቸው መሃል ሊደርስ ሲል ነው። ሁለተኛው ዓይናቸውም እንደዚያው። በግራም በቀኝም ዳሩ አይታያቸውም። የመታቸው ሰው ይሰማ ነበር፤ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸው።

ነገርኳቸው። ከአንጎል ሥር ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች፣ ፒቱታሪ ትባላለች። እባጭ ሲወጣባት የዕድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ታመነጭ ይሆናል፤ እጅ፣ እግርና አገጭ ያድጋል። እባጩ ሲተልቅ የዓይን ነርቭ ይጫናል።

«ደምዎ ሳይመረመር፣ ጭንቅላትዎ በኤምአርአይ ሳይታይ እርግጠኛ አልሆንም። ከቆየ ግን ዓይንዎን ያጣሉ።»

«ታዲያ ማን ይየኝ?»

አሰላ ውስጥ ሪፈር ብጽፍለት አንብቦ ዛሬውኑ የሚነሳ አንድ ሐኪም አውቃለሁ። እሱም ያ ሚዜዬ ነው።

ሁለት ቀን አልጻፍኩም። ዛሬም አፍርበታለሁ። ሰውየው አልወተወቱኝም፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን እየዳበሱ ይወጣሉ። በሦስተኛው ቀን ፖሊሱን ወረቀትና እስክሪብቶ ለመንኩ። «ለተከበሩ ዶክተር» ብዬ ስሙን ጻፍኩ። ምልክቶቹን፣ ዓይናቸውን ስፈትን ያገኘሁትንና የሚያስፈልጉትን ምርመራዎች ዘረዘርኩ። ስለ ራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ስሜን ከነማዕረጌ ጽፌ ፈረምኩ።

በማግሥቱ ሰውየው ወረቀቱን ይዘው በፖሊስ ታጅበው ሆስፒታል ሄደው ከሰዓት ተመለሱ።

«ምን አለ?» አልኳቸው።

«ወረቀቱን ቆሞ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ እንዳንተው በጣቱ ፈተነኝ። ደም አስቀዳኝ፣ ለአዲስ አበባም ጻፈልኝ።»

«ስለ እኔ ጠየቀ?»

«አልጠየቀም።»

ብዙም ሳይቆዩ በዋስ ወጡ። እባጩ ተገኝቶ በአፍንጫቸው በኩል በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። እኔ ክስ ሳይመሠረትብኝ በአራተኛው ወር ስለቀቅ ቤቴ ድረስ ብቻቸውን መጡ፤ መንገዱን ማንም ሳይመራቸው።

ከሚዜዬ ጋር አሁንም አንድ ሆስፒታል እንሠራለን። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

«ያ የሲሬው ሰው ዳኑ አይደል?»

«ዳኑ» አልኩት።

ሌላ ነገር እንድለው ቆሞ ጠበቀ። ሰውየውን ያተረፈው እሱ ነው፤ ሲጠይቁኝም እንዲሁ እላለሁ። እኔ ፊት ግን የቆመው ስለ እሳቸው ሊሰማ አልነበረም። «ታካሚ እየጠበቀኝ ነው» አልኩትና አልፌው ሄድኩ። እውነትም እየጠበቀኝ ነበር።