ሳትድን ድናለች ብዬ ሰበክሁ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ። ዛሬ እዚህ የቆምሁት ልሰብክ አይደለም፤ ልመሰክር ነው፣ ያውም በራሴ ላይ። ታገሡኝ።

ሰባኪ መሆኔን ታውቃላችሁ። የት ላይ ድምፄን እንደማነሳ፣ የት ላይ ዝም እንደምል፣ ሰዉ የት ላይ እልል እንደሚልልኝ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ከፒያሳ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ይጠሩኛል። የማላውቀው ጌታን ነበር።

ባለቤቴ ብርቄ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ጸለይን፤ ሕመሙ ለሳምንት ያህል ቀለል አለላት። እኔ ምን አስቸኮለኝ! እሑድ መድረክ ላይ አቆምኋትና «ጌታ ሚስቴን ፈውሷታል!» ብዬ ጮህሁ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ በሄድሁበት ሁሉ ስብከቴን የምዘጋው በእርሷ ሆነ። «ብርቄ፣ እስቲ ተነሽ» እላለሁ፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ትነሳለች። ወይኔ ወገኖቼ!

አንድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ክንዷ አልነሳ አላት። ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ ለብቻዬ ጠራኝና «ምነው እስካሁን ቆያችሁ? ያኔውኑ ብትመጡ እናክማት ነበር። አሁን ተሠራጭቷል» አለኝ።

በባጃጅ ስንመለስ «ምነው ደበቅሽኝ?» አልኋት።

«ድናለች ብለህ በሰው ፊት አቁመኸኝ፣ እንዴት አሞኛል ልበል? አንተን ውሸታም ላሰኝህ? ያመነውስ ሰው በእኔ ይሰናከል?» አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አልጋ ከያዘች በኋላ አንድ ቀን «ዛሬ ለእኔ ብቻ ስበክልኝ» አለችኝ። አፌን ከፈትሁ። የማውቀው ቃል ሁሉ ለአዳራሽ የተሰናዳ ነበር፤ ለእርሷ የሚሆን አንድም አጣሁ። ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ በስምህ ዋሽቻለሁ። እርሷንም በድያለሁ። ማረኝ» ብዬ አለቀስሁ። እጇን ራሴ ላይ አኖረችና «አሜን። እንዲህ ስበክ» አለችኝ። ጌታ ያገኘኝ ያን ቀን ነው። ሃሌሉያ! በአሥረኛው ቀን ብርቄ ወደ እርሱ ሄደች።

ጌታ ይመስገን፣ ይቅር ብሎኛል። ሐዘኑ ግን አብሮኝ አለ።

ጌታ ይፈውሳል፤ ዛሬም አምናለሁ። ስሙን ለማስከበር ግን የማንም ውሸት አያስፈልገውም። እዚህ መካከል ድነሻል ተብላ፣ እያመማት ዝም ያለች እህት ካለች፣ እህቴ፣ ጌታን እመኚው። አሞኛል ብትዪው አያፍርብሽም። ነይ፣ አብረን እንጸልያለን። ነገ ጠዋት ደግሞ ሆስፒታል አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ወረፋውን እኔ እይዝልሻለሁ።