የቲማቲም ሐኪሙ ፋንድያ

በዴንማርኳ ኦልቦር ከተማ ዳርቻ፣ ማኅበሩ ለከተማ ሰው በሚያከራያቸው ጓሮዎች፣ ፕሬበንን «ዶክተር» ብሎ የሾመው የለም፤ ራሱ ነው። ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የሰው ቲማቲም መመርመር ጀመረ። የፍሬው ቂጥ ጠቁሯል? «አንድ ቀን ታጠጡታላችሁ፣ ሦስት ቀን ትረሱታላችሁ።» አበባው ይረግፋል? «የተክሉን መስታወት ቤት በር ክፈቱት፣ ንቧ በየት ትግባ?» አንዳንዴ ልክ ነበር። ይብስ ያበላሸውም ይኸው ነው።

በዚያ ዓመት ጸደይ ደግነትም ጨመረበት። ከአንድ ፈረስ አርቢ በነጻ ያመጣውን ፋንድያ አጥር ለሚጋሩት አሮጊት፣ ለእትዬ ዳግማር፣ መስታወት ቤታቸው ድረስ ገፍቶ አፈሰሰላቸው። የተረፈችው ላይ ለራሱ ባቄላ ዘራ።

በጋው ሲገባ የእትዬ ዳግማር ቲማቲሞች ጫፋቸው ተጠማዘዘ፤ ቅጠሉም ቀጥኖ ተጠቀለለ። ዶክተሩ ተጠራ።

«ውኃ አብዝተውበታል» አለ ገና ከበር። «ጠዋት አጠጥተው፣ ረስተው፣ ከሰዓት ይደግሙታል መሰለኝ።»

«ልደግመው እችላለሁ» አሉ እትዬ ዳግማር። «በቀደም መነጽሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ቅዳሜ ለማኅበሩ ሊቀመንበር እነግረዋለሁ፤ ጓሮውን ልልቀቅ። ወረፋ የሚጠብቅ ወጣት ሞልቷል።»

ፕሬበን «ኧረ አይቸኩሉ» ብሎ ወደ ራሱ ጓሮ ተመለሰ። እዚያም ባቄላው እንደዚያው ተጠማዝዞ ጠበቀው። ያን ባቄላ ውኃ በዛበት የሚል ሰው ውሸታም ነው፤ ሐኪሙ የሰው ተክል ሲመረምር ጭራሽ ማጠጣት ረስቶታል።

ሁለቱን የሚያገናኘው ፋንድያው ብቻ መሆኑ ከሦስት ቀን በኋላ ገባውና ለፈረስ አርቢው ደወለ።

«ድርቆሹ የአረም መድኃኒት የተረጨ ነው» አለው ሰውየው። «ፈረሱን ምንም አያደርገው፤ መድኃኒቱ ግን በፋንድያው ይወጣል። ለሣር እንጂ ለቲማቲም አይሆንም ብዬህ አልነበር?»

ብሎት ነበር። ፕሬበን ግን ያኔ የፋንድያን ጥቅም ለፈረስ አርቢው እያስተማረ ነበር።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። አሮጊቷ ይሄዳሉ፣ የዶክተርነት ማዕረጉ ይተርፋል። ይህን ሲያሰላስል ጥቁር ዳቦውን በዓሣ ጨርሶ ሌላ ቆረሰ፤ ኅሊናው ሲቆረቁረው የሚበላ ሰው ነው። ሁለተኛውን ግን ሳይነክሰው አስቀምጦ ተነሣ።

«እትዬ ዳግማር፣ ውኃው አይደለም» አለ አጥሩ ላይ ተደግፎ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገራቸው።

«እኔ አልደገምኩም?»

«አልደገሙም።»

«መነጽሬስ?»

«እሱን እንኳ… በፋንድያው ማሳበብ ይከብደኛል።»

እትዬ ዳግማር እየሳቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ስንት ሌሊት ስለ ጭንቅላቴ ሳስብ አደርኩ፣ አንተ ልጅ?»

ስልሳ ያለፈው ልጅ መሬት መሬት አየ።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ጋ የሄደ የለም። ፕሬበን ፋንድያ የነካውን አፈር ከእትዬ ዳግማር መስታወት ቤት በባልዲ እያወጣ ራቅ ያለው ሣር ላይ ሲደፋ ዋለ፤ እሳቸው ወንበራቸውን በሩ ላይ አድርገው ይቆጣጠራሉ። ወገቡን ይዞ ቀና ሲል፦

«የከርሞውን አፈር የምትገዛው አንተ ነህ።»

«እሺ።»

«የሚመርጠው ደግሞ እኔ።»

«እሺ።»

«በል ጎንበስ፣ ያ ጥግ ቀርቶሃል።»