የእትዬ ሱን ዳኞች

የእትዬ ሱን ሥራ ኪስ ነው። በላስ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ ባለ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ የዩኒፎርም ክፍል ውስጥ፣ በካዚኖው ካርታ ለሚያድሉት ዲለሮች ኪስ ይደፍናሉ፤ የቁማር ቺፕስ እንዳይገባበት። ክፍል ለሚያጸዱት ሴቶች ደግሞ ኪስ ይጨምራሉ፤ የበር ካርዱም እስክሪብቶውም መግቢያ እንዲያገኝ። ሙሉ ስማቸው ባንግ ሱን-ሂ ነው፤ ኮሪያዊት ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ዘጠኝ። «እትዬ»ን የጨመሩላቸው ኢትዮጵያውያኑ ናቸው።

ደራሲ መሆናቸውን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም። ክፍል አጽጂዋ ብርቱካን ያወቀችው የተቀደደ እጅጌዋን ልታሰፋ የሄደች ቀን ነው። ከስፌት መኪናው ሥር የወረቀት ክምር አየች።

«ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ልብወለድ» አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ስለናንተ ነው።»

ሌላውን ቀስ በቀስ ሰማች። እትዬ ሱን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሴኡል ውስጥ የሸሚዝ ፋብሪካ ገቡ። ሥራቸው ኮሌታ ብቻ ነበር። ስለ ኮሌታ ሰፊዎቹ ልብወለድ ጻፉና አብረዋቸው ለሚያድሩት ልጃገረዶች ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ባለታሪኳ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ አንዷ ልጅ ጣልቃ ገባች፤ «የምን መስኮት? ፋብሪካችን መስኮት አለው እንዴ?» መጽሐፉ እንደ አዲስ ተጻፈ። ታተመ፤ መንግሥት አገደው፤ ሠራተኞቹ በእጅ እየገለበጡ አነበቡት። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሱን ለራሳቸው ሕግ አወጡ። ታሪኩ የተጻፈላቸው ሰዎች ሰምተው፣ ሁሉም እጅ ካላወጡ፣ መጽሐፉ አይታተምም። ሁለተኛውን መጽሐፍ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሰሙት። አንድም እጅ አልወጣም። የአራት ዓመት ልፋታቸውን ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

ሦስተኛው ይኼ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቷል። ባለታሪኳ ሮሐ የምትባል ኢትዮጵያዊት ክፍል አጽጂ ናት። ከቬጋስ አጠገብ ሄንደርሰን የምትኖረው የእትዬ ሱን ልጅ ከኮሪያኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። በምሳ ብሬክ፣ እትዬ ሱን አጠገቧ ተቀምጠው፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች የምታነበው ደግሞ ብርቱካን ሆነች። ዳኞቹ በሠራተኞች ካፍቴሪያ አንድ ጠረጴዛ የሚከብቡ ሰባት ሴቶች ናቸው። ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ከአርባ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። ሆቴሉ ምንጣፉን ስድስት ጊዜ ሲቀይር እሳቸው አልተቀየሩም።

ብርቱካን ከአዳማ በዲቪ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሮሐ ከባዱን ፍራሽ በጉልበቷ ደግፋ አንሶላውን ስታስገባ የአውራ ጣቷ ጥፍር ይሰበራል። ብርቱካን የራሷን ጥፍር አየች። ይህን የጻፈ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። መጽሐፉ እንዲቃጠል አልፈለገችም።

ጥፋቱም የመጣው ከዚህ ነው።

የፊተኞቹ ምዕራፎች በደህና አለፉ። ረቡዕ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ዓይኗ ከአፏ ቀድሞ ሄደና ደነገጠች። ሮሐ በረቡዕ ቀን ካፍቴሪያ ቁጭ ብላ እንቁላል ትበላለች። ብርቱካን ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ሰባት ሰሃን ምስር። «ሮሐ ምስሯን በላች» ብላ አለፈች። ሮሐ በምዕራፉ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ታለቅሳለች፤ ብርቱካን ሦስቴ ብቻ አስለቀሰቻት። ከዚያ አንድ እንግዳ ሮሐን በሌብነት የሚከስበት ገጽ መጣ። ታሪኩ የወይዘሮ ኪዳነምሕረት ነበር፤ አንድ ቀን ዩኒፎርማቸውን ሊያሰፉ ሄደው ለእትዬ ሱን ያወጉት። ቢቆጡስ? ብርቱካን ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለበጠች።

«ደስ ይላል» አሉ ሴቶቹ። ድምፅ የሚሰጠው በማግስቱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሱን ብርቱካንን አስጠሯት።

«ትናንት ምን አደረግሽ?»

«እኔ? ምን አደረግኩ?»

«አማርኛ አልችልም። ዝምታ ግን አውቃለሁ። ሰው ስለ ራሱ ሲነበብለት ይጮኻል። ማንም አልጮኸም።»

ብርቱካን ተናዘዘች፤ እንቁላሉን፣ ለቅሶውን፣ የዘለለችውን ገጽ።

እትዬ ሱን በረጅሙ ሳቁ። «ሴኡል ውስጥ ጽሑፌን ሳንሱር የሚያደርግ ሰውዬ ነበር። ሰው እንዳይሰማው ይቆርጥ ነበር። አንቺ ደግሞ እንዲወዱልኝ ቆረጥሽ። መቀሱ ግን ያው መቀስ ነው።»

«እንዳለ ካነበብኩት እኮ እጅ አያወጡም! እርስዎ ደግሞ ያቃጥሉታል!»

«ላልሰሙት ነገር እጅ ቢያወጡ ምን ያደርግልኛል? በይ፣ ዛሬ እንዳለ አንብቢው።»

አነበበችው።

«ረቡዕ ቀን እንቁላል?» ሩሐማ ሹካዋን ጣለች። ከሰባቱ ታናሿም አፈኛዋም እሷ ናት። «ምነው፣ ክትፎም ይጨመርላት እንጂ!»

«ትናንት ምስር አልነበር እንዴ?» አለች ሌላዋ።

«ምስሩን ያበላኋት እኔ ነኝ» አለች ብርቱካን። «ይቅርታ። ደራሲዋ እንቁላል ነው ያሉት።»

ዘጠነኛው ለቅሶ ላይ ሲደርሱ ሩሐማ በጣቷ እየቆጠረች ነበር። «ኧረ እህቴ! እንዲህ ስትነፋረቅ ውላ የቀኑን አሥራ አራት ክፍል ማን ሊጨርስላት ነው? ሱፐርቫይዘሯ አጎቷ ነው?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። እትዬ ሱን ዓይናቸው እየበራ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ብርቱካን አንዲት ቃል ሳታስቀር ነገረቻቸው። ጻፉት።

ከዚያ ያ ገጽ መጣ። እንግዳው ሰዓቴ ጠፋ ይላል። የሮሐ ኪስ ይፈተሻል። ሰዓቱ ከሰውዬው ከራሱ ጫማ ውስጥ ይገኛል። ሮሐ እያለቀሰች መታጠቢያ ቤቱን አጽድታለት ትወጣለች።

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት አየ። እሳቸው ሰሃናቸውን ገፋ አደረጉ።

«ይኼ የኔ ነው።»

«አዎ፣ የእርስዎ ነው» አለች ብርቱካን።

«ጫማ ውስጥ አልነበረም። በገዛ ካፖርቱ ኪስ ነው የተገኘው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ደግሞስ ማን አለቀሰ? ያን ጊዜ ለሱን ሳልጨርስላት ብሬኬ አልቆ ነው ሮጬ የሄድኩት። መጨረሻውን መች ሰማችና!»

«መጨረሻው ምን ነበር?»

«‹እንኳን ተገኘልዎ ጌታዬ› አልኩት። ‹የኔን ኪስ እንዳስፈተሹ ሻንጣዎን ይክፈቱልኝ፤ ፎጣ ጎድሎኛል።› ሴኩሪቲው እዚያው ቆሟል። ወዴት ይሄዳል? ከፈተ።»

«ስንት ተገኘ?» አለች ሩሐማ።

«አራት። የገላ።»

ሩሐማ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። አጠገባቸው የተቀመጡት ፊሊፒኖዎች እንኳ ምክንያቱን ሳያውቁ ሳቁ። ብርቱካን ተረጎመች። እትዬ ሱን መጀመሪያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቀጥለው ቀይ እስክሪብቶ አነሱና ገጹን ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙት።

«እጅ!» አሉ በአማርኛ። ቃሏን አጥንተዋት ነው የመጡት።

ስድስት እጅ ወጣ። ወይዘሮ ኪዳነምሕረት አላወጡም።

«እንቁላሉ ይወጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ይወጣል።»

«ለቅሶውስ?»

ብርቱካን ከእትዬ ሱን ጋር ተነጋገረች። «አንዱን ብቻ ተዉልኝ ይላሉ።»

«የትኛውን?»

«የእናቷን ሞት በስልክ የሰማች ቀን።»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት አሰቡበት። ብሬኩ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

«እሱስ ያስለቅሳል» አሉና እጃቸውን አወጡ።