የእማማ ኩባያ

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ቦንጋ ከመጣሁ ወዲህ የኩባያዎቹን ሰሞን ያህል የሳቅሁበት ጊዜ የለም። የመሥሪያ ቤታችን የሻይ ብርጭቆዎች ተሰባብረው አልቀው ነበርና ለአዲሱ ዓመት እያንዳንዳችን የተወለድንበት ዘመን የታተመበት ኩባያ እንዲኖረን ተስማማን። ፎቶ ቤቱ ሥዕሎቹን አሳየን። ለስድሳዎቹ ልጆች ሸክላ ማጫወቻ፣ ለሰባዎቹ ባለ ድንጋይ ሬዲዮ፣ ለሰማንያዎቹ ካሴትና እስክሪብቶ፣ ለዘጠናዎቹ ባለ ቁልፍ ሞባይል። የእኔ ሬዲዮው ነው። አባቴ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ዜና ሲጠብቅ ታየኝና ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ከሥዕሎቹ ሥር የሚታተመውን ጽሑፍ የማረም ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። "አንቺ እግዚአብሔርን ትፈሪያለሽ፣ ነውር አታሳልፊም" ብለው ነው። እውነትም የመዝገብ ቤቱ ልጅ ያመጣውን ስድ ቀልድ ሳላቅማማ ሰርዤበታለሁ።

የከበደኝ ሻይ የሚያፈሉልን የእማማ ነገር ነው። የሁላችንንም ዕቃ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ኩባያ ሳይኖራቸው የእኛን ሲያጥቡ ማየት አልፈለግሁም። ግን የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም።

"ማንኪራ ጫካ ማር ሲቆረጥ ተወለድሽ ብላኛለች እናቴ። የየትኛው ዓመት ማር እንደሆነ ማን ይወቅ? እኔን ተዪኝ ልጄ፣ በጣሳም እጠጣለሁ" አሉኝ። ዓይናቸው ግን በእጄ ከያዝኩት ናሙና፣ ከካሴቱ ሥዕል ላይ አልተነሣም።

በእኛ ቤት የልደት ቀን ቢጠፋ የክርስትናው አይጠፋም። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ስለሚጠመቁ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ።

"እማማ፣ የተጠመቁት መቼ ነው?"

"በሰማንያ አምስት!" አሉ ሳያመነቱ።

"እንዴ! ከእኔ ሊያንሱ ነው?"

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እኛ እኮ ጴንጤ ነን ልጄ። አምኜ፣ በገዛ እግሬ ወንዝ ወርጄ ነው የተጠመቅሁት። የመጀመሪያ ልጄማ ዳር ቆሞ 'እናቴን ውኃ ሊወስድብኝ ነው' እያለ ይጮሃል!"

አፈርኩ። የሰውን ሁሉ ዕድሜ በእኔ ደብር ሥርዓት ልቆጥር ነበር። እሳቸው ግን ካሴቱን በጣታቸው ነክተው፣ "ይሄን አሳትሚልኝ። የሰማንያዎቹን" አሉ።

"እማማ፣ ሐሰት ይሆንብኛል እኮ።"

"ምኑ ነው ሐሰቱ? ሕይወቴ የቀናው ያኔ ነው። የመዝሙር ካሴት በእስክሪብቶ ሳጠነጥን የኖርኩትም እኔ ነኝ። እነዚህ ልጆች ያኔ ጡት ይጠባሉ!"

እውነታቸውን ነው። ልቤ ግን አላርፍ አለኝና ማርቆስ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው።

"ለኩባያ ነው የደወልሽልኝ?"

"አዎ፣ አባ።"

"ልጄ፣ ኩባያ መታወቂያ አይደለም። ይጠጡበት እንጂ!" ስልኩን ሲዘጉ ሳቃቸው ይሰማኝ ነበር። በነጋታው የእማማን አሳተምኩ።

ኩባያዎቹ በመጡ ዕለት ፎቶ ለመነሣት በየዘመናችን ተሰለፍን። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የት እንደሚቆሙ ግራ ገብቷቸው በሩ አጠገብ ቀሩ። የመዝገብ ቤቱ ልጅ፣ እሱም የሰማንያዎቹ ነው፣ ከሰልፉ ወጥቶ፣

"አብሮ አደጌ! ነይ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል?" ብሎ ጮኸ።

አንቺ ሲላቸው እኔ ክው አልኩ። እማማ ግን ሰተት ብለው ከሰማንያዎቹ መሐል ገቡ፣ ካሴቱ እንዲታይ ኩባያቸውን ወደ ፊት አዞሩ።

"አብሮ አደጌ ከሆንክማ ዛሬ ሻዩን የምታፈላው አንተ ነህ!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁም አላፈገፈገም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ሻይ ማፍያው ገባ። እማማ ወንበር ላይ ተደላድለው፣ ኩባያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁት። ሲቀዳላቸው ረስቶት ስኳር የሚባል ነገር አልጨመረበትም። ፊታቸውን ሳያኮማትሩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡና፣

"ድገመኝ" አሉት።