ከአምቦ ካቺሲ፣ ከአንድ ፕሮጀክተር ጋር

«ላይ አይወጣም አልኩህ!»

«እናቴ፣ ዕቃ ነው። የዕቃ ቦታ ደግሞ ላይ ነው። እኔ አይደለሁም ሕጉን ያመጣሁት!»

«ቢወድቅ ትከፍለዋለህ?»

«በግ ጭኜ ያልወደቀ፣ ይሄ ካርቶን ይወድቃል?»

«በግ እግር አለው!»

ረቡዕ ጠዋት፣ አምቦ መናኸሪያ። ከሚኒባሱ ረዳት ጋር የሚከራከሩት መምህርት ደራርቱ ናቸው። ካርቶኑን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ውስጡ ያለው ካቺሲ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ነው፤ አምፖሉ ተቃጥሎ አምቦ መጥቶ ተጠግኗል። ተሳፋሪው በሙሉ ጉዳዩን ስለያዘው ግማሹ ለረዳቱ፣ ግማሹ ለእሳቸው ይፈርዳል።

«እሺ፣ ወንበር ይያዝ» አለ ረዳቱ በመጨረሻ። «ግን የሰው ሂሳብ ይከፈልለታል።»

«ይከፈላል። በመስኮት በኩል አድርገው።»

ለእኔ ሃያ ብር፣ ለእሳቸው ሃያ ብር፣ ለፕሮጀክተሩም ሃያ ብር ተከፈለ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጊንጪ ሞልቷል! አንዱ አይናገርም እንጂ ሞልቷል!» እያለ ወጣን።

መምህርት ደራርቱ ፊዚክስ አስተምረውኛል። ከዚያ ወዲህ ክፍላቸውን ትተው በምዕራብ ሸዋ ከተሞች እየዞሩ አስተማሪዎችን በኮምፒውተርና በፕሮጀክተር ማስተማር ያለማምዳሉ። እኔ ግጥም ስለምጽፍ ሰፈሩ ሥራ ፈት ይለኛል፤ ስለዚህ ካርቶን የሚይዝ ሰው ሲፈልጉ መጀመሪያ ትዝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ካቺሲን አይቼ ስለማላውቅ ሳላስጨርሳቸው እሺ አልኩ።

የጉዞውን ዓላማ የነገሩኝ ከአምቦ ከወጣን በኋላ ነው። ዕቃ ባስገቡባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ እሳቸው እስካሉ ሥራው ይሠራል፤ ሲሄዱ ክፍሉ ይቆለፋል። አለቃቸው በዚህ ተሰላችቷል። የካቺሲው ክፍልም በዚህ ሳምንት በራሱ አስተማሪ ካልሠራ፣ ዓርብ ከሰዓት መኪና ልኮ ኮምፒውተሩንም ፕሮጀክተሩንም ወደ መጋዘን ሊያስመልስ ነው።

«ከዚያስ እርስዎ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ይሄ ሁሉ ዓመት ዕቃ ሳመላልስ ነበር ማለት ነው» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። በመስኮት በኩል ግን ፕሮጀክተሩ ነበር።

ከጊንጪ ወደ ላይ

ጊንጪ ድረስ አስፋልቱ ጥሩ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር አፈር ላይ ጤፉ መንጣት ጀምሯል። ጊንጪ ወርደን የካቺሲ መኪና ያዝን። የዚህኛው ረዳት ስለ ወንበሩ ምንም አልተከራከረም፤ «ተሰባሪ ነው?» ብሎ ጠየቀና የራሱን ጃኬት ከካርቶኑ ሥር አነጠፈ። ሰው ከመኪና መኪና እንዲህ ይለያያል።

መንገዱ ሽቅብ ነው። አየሩ በየመታጠፊያው ይቀዘቅዛል፤ ባህር ዛፉ እየበዛ፣ የተሳፋሪው ጋቢ እየጠበቀ ይሄዳል። ጎጆ ከተማ ስንደርስ መንገድ ዳር የድንች ጆንያ እንደ አጥር ተደርድሯል። ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አንድ ሳህን አምስት ብር ገዛን። ሻጯ መምህርት ደራርቱን «አካም ጅርቱ፣ ባርሲስቱ!» ብላ ተቀበለቻቸው። በኦሮምኛ «እንደምን አሉ፣ መምህርት!» ማለቷ ነው፤ እዚህ መንገድ ላይ ስማቸውን የሚጠራ ሰው አልሰማሁም። ሦስት ድንች መረቀችልን፤ አንዱን ወደ ካርቶኑ እያሳየች «ይሄ የእሱ ነው» አለች።

ካቺሲ የገባነው ፊታችን በአቧራ ቡናማ ሆኖ ነው። ገበያው እየተበተነ ነበር። በሬ የሚነዱ ሰዎች መኪናውን እንደ ሌላ በሬ ገፋ አድርገውት ያልፋሉ።

ሐሙስ፣ የኮምፒውተሩ ክፍል

ክፍሉ ደጃፍ ላይ ጫማ ይወለቃል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ጫማ በረንዳውን ሞልቶት መርገጫ ጠፋ። መስኮቶቹ በካርቶን ተሸፍነዋል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። የባዮሎጂው አስተማሪ ለሚ ይባላል፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ሸሚዙ ሁለት ጊዜ የተተኮሰ ይመስላል።

ፊልሙ ደም በልብ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ያሳያል። ለሚ አስጀመረውና ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እጁን አጣጠፈ። ተራኪው በእንግሊዝኛ ይሮጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ሊጽፉ ሞከሩ፣ ቀጥለው እርስ በርስ ተያዩ፣ በመጨረሻ ዝም ብለው የልብ ምቱን አዩ። ፊልሙ አለቀ።

«ጥያቄ አለ?» አለ ለሚ።

ማንም እጁን አላወጣም። ከኋላ የተቀመጡት መምህርት ደራርቱ ቦርሳቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። አለቃቸው ነበር፤ በረንዳ ላይ ጫማ መሐል ቆመው አነጋገሩት።

«ገና ነው... አይደለም፣ አልሠራም አላልኩም። ነገ ጠዋት ልንገርህ፤ እስከዚያ መኪናውን አትላከው።»

ማታ ሆቴል ራት ላይ ለሚ አብሮን ነበር። ጥብሱ ሳይመጣ መምህርት ደራርቱ ጀመሩ።

«ለሚ፣ ለምን አላቆምከውም?»

«ምኑን?»

«ፊልሙን ነዋ! ልጆቹ የልቡን ቀኝና ግራ ሳይለዩ ደሙ ሳንባ ደርሶ ተመለሰ።»

«ይቆማል እንዴ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ማቆሚያውን አሳይቼሃለሁ እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ባርሲስቱ። ስልኬ ላይ ዘፈን አቆም የለ? ክፍል ውስጥ ግን... እንጃ። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በፕላዝማ ነው የተማርኩት። አስተማሪያችን ግድግዳ ተደግፈው ነበር የሚያዩት። ዛሬም እግሬ ራሱ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ።»

ፕላዝማ ላልደረሰበት አንባቢ፦ ክፍሉ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሰቀላል፤ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። አልገባኝም ብትለው አይሰማህም፣ ደቂቃው ሲያልቅ ተሰናብቶህ ይሄዳል። እኔም የተማርኩት በእሱ ነው።

መምህርት ደራርቱ የመጣውን ጥብስ ገፋ አደረጉት። «እኔም ግድግዳ ተደግፌያለሁ» አሉ። «አንድ ቀን አንድ ተማሪ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችውን አስተማሪ ‹እባክሽ እህቴ፣ አንዴ ድገሚልን› አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ እየቀለደ አልነበረም፤ እኔ እዚያው ቆሜ፣ ለእሷ ነገራት። በማግስቱ ሥልጠና ይላኩኝ ብዬ ቢሮ ገባሁ። እስከ ዛሬ ከመንገድ አልወጣሁም።»

ላፕቶፓቸውን በሳህኖቹ መሐል ከፈቱትና ፊልሙን ለሚ ፊት አስጀመሩት። ሚሪንዳ ያመጣችው አስተናጋጅ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ ማየት ጀመረች።

«ቀዩ ደም ወዴት ነው የሚሮጠው?» አለች።

ለሚ ሳያስበው ጣቱን ጫን አደረገ፤ ሥዕሉ ቆመ። በኦሮምኛ ያስረዳት ጀመር፤ ሁለቱን ጠርሙስ እንደ ልብ ክፍሎች አቁሞ፣ ማንኪያውን ደም አድርጎ። ለቀቀው፣ አቆመው። እሷም «ቆይ፣ ሰማያዊውስ?» ትለዋለች። ከወጥ ቤት ሁለቴ ተጠርታ አልሄደችም። የመምህርት ደራርቱ ጥብስ ቀዘቀዘ።

«አየህ፣ ቆመ» አሉት ሲለያዩ።

«ነገም እንዲህ ከሆነልኝ» አለ ለሚ።

ዓርብ

ይህን የምጽፈው አምቦ ቤቴ ገብቼ፣ የካቺሲን አቧራ ከጆሮዬ ካወጣሁ በኋላ ነው። ስንመለስ ካርቶን አልነበረም፤ ባዶው ወንበር ላይ ጎጆ ላይ የተሳፈሩ አዛውንት እስከ ጊንጪ አንቀላፉ። መምህርት ደራርቱም አንቀላፉ፤ እንዲህ ተኝተው አይቻቸው አላውቅም። እኔ ግጥሞቼን ሳነብ ሰው መሐል ላይ ሲያቋርጠኝ እናደድ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ የሚያቋርጥህ ሰው እየሰማህ ነው። የቀረው ዓርብ ጠዋት ካቺሲ የሆነው ነው።

ያው ክፍል፣ ሌላ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች። ለሚ ፊልሙን አስጀመረና ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመ። አቆመው። ግን ወዲያው ቀና ብሎ ኋላ ያሉትን መምህርት ደራርቱን አያቸው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጠለ። አቆመ፣ አያቸው፣ ነቀነቁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ስትጠይቅ ፊቷን ያዞረችው ወደ ኋላ፣ ወደ እሳቸው ነው። እሳቸውም አልቻሉም፤ ብድግ ብለው መመለስ ጀመሩ። ግማሹ ክፍል ጀርባውን ለአንሶላው ሰጠ።

ለሚ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባርሲስቱ፣ መኪናው አያመልጣችሁም?»

የጊንጪው መኪና የሚነሳው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። የመምህርት ደራርቱ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«እውነትህን ነው። ያመልጠናል» አሉ።

ለሚ ወደ ጠያቂዋ ዞረ። «እንደገና በይው። ለእኔ ንገሪኝ።» ልጅቷ ደገመችው። እሱ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰና አቆመው፤ የልቡን ግራ ክፍል በጣቱ እየዞረ በኦሮምኛ ያስረዳ ጀመር። ከመስኮቱ ጥግ አንድ ልጅ «ቆይ፣ ቆይ፣ እሱ ጋ አልገባኝም» ብሎ ጮኸ። ለሚ በዚያ ደስ አለው፤ ከድምፁ ያስታውቃል።

መምህርት ደራርቱ በጨለማው ውስጥ ቦርሳቸውን እየፈለጉ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«መኪናውን አትላከው» አሉ በሹክሹክታ። «አይ፣ ሌላ ሳምንትም አትላከው።»

በሩን ከፍተው ወጡ። እኔ ተከትዬ ጫማዬን ስፈልግ የጠዋቱ ፀሐይ በተከፈተው በር ገብቶ አንሶላው ላይ ያለውን ልብ አጠፋው።

«ባልበላ ጩፋ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። በሩን ዝጉ!

መምህርት ደራርቱ በካልሲያቸው ተመልሰው ዘጉት።