የአሳው ጅራትና የሽንኩርቱ ውሃ

ቆቦ ፊዚክስ አስተማሪ ሳለሁ ጉራዬ ልክ አልነበረውም። ወንዝ ውስጥ አሳ ጅራቱን ሲያወዛውዝ አይቼ «አሳው ውሃውን በጅራቱ ከገፋ፣ ውሃውስ ለምን ጅራት ገፍቶ መብራት አይሰጠኝም?» ብዬ ተነሳሁ። ከአሮጌ ጎማ ጅራት ቆረጥኩ፤ ዋጃ ከተማ ብየዳ ቤት ዘንግ አሠርቼ ከብስክሌት ዲናሞ ጋር አያያዝኩት። መስኖ የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ «በእኔ ማሳ ዳር ትከለው፤ ውሃው አልፎ ይሄዳል፣ ምን ይቀንሳል» ብለው ፈቀዱልኝ። ጅራቱ ቦዩ ውስጥ ግራ ቀኝ ሲል ትንሿ አምፖል ቦግ አለች። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለኝ።

ከወረዳ እንግዶች ሊያዩልኝ በመጡ ዕለት ውሃው ቀጭን ነበር፤ ጅራቱ እንደ ሰነፍ ተማሪ ተኛብኝ። ቦዩን በድንጋይና አፈር በሞላሁት ጆንያ አጠበብኩት። አምፖሏ በራች፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ በሞባይል ቀረጹኝ። ከጆንያው በላይ የተጠራቀመው ውሃ ግን የቦዩን ጠርዝ ንዶ ወደ ቦረቦሩ ሲፈስ ዋለ። ያን ቀን የመስኖ ውሃው ተራ ከታች ሽንኩርት የተከለች፣ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ነበር። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። ሌላ ተራ የሚደርሳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

አመሻሹ ላይ ከሽማግሌው ጋር ጆንያውን አንስተን ጠርዙን ደፈንን። «ለሴትዮዋ ንገራት» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኩ። አልነገርኳትም። ገና በሙገሳ ሰክሬ፣ ምን ቆርጦኝ።

ሽንኩርቷ ጠወለገ። ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ባለ ተራዎቹን ዛፍ ሥር ሰበሰቡና፣ እያንዳንዱ «ውሃውን አልዘጋሁም» ብሎ እንዲምል አዘዙ። ደንቡ ነው፤ ያልማለ ጥፋተኛ ይሆናል፣ የራሱንም ተራ ለተበዳይ ይለቃል። እኔ ባለ ተራ ስላልሆንኩ የጠየቀኝ የለም። ጭራሽ መምህር ተብዬ ወንበር ተሰጥቶኛል።

መሃላው ሽማግሌው ጋ ደረሰ። እሳቸው አልዘጉም፤ ቢምሉ እውነታቸውን ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ጠበቁኝ። እኔ ያልተፈታ የጫማ ክር ማሰር ጀመርኩ። «በእኔ ማሳ ዳር ነው የተዘጋው፤ በአላህ ስም አልምልም» አሉና ተራቸውን ለቀቁ። የእሳቸውም በቆሎ በዚያው ደረቀ። ኋላ ለብቻችን ስንሆን «ለምን አላጋለጡኝም?» ብላቸው «እንግዳዬ ነህ። መናገሩ ያንተ ነው» አሉኝ። አሁንም ሳስበው ፊቴ በእፍረት ይግላል።

አንድ ቀን በሴትዮዋ ደጅ ሳልፍ «መምህር፣ ፀሐዩ ከሯል፤ ግቡና አሬራ ቅመሱ» አለችኝ። ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ ገባሁ። ኩባያውን ይዤ ከምን ልጀምር እያልኩ ሳለ ሽማግሌው በደጁ አለፉና ሰላም አሏት። ሳትመልስላቸው ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

«እንደርስዎ ያለ ጎረቤት ቢኖረኝ ኖሮ» አለችኝ። ኩባያዬ መጉደሉን አይታ «ልጨምርልዎ?» አለች።

አስጨመርኩ።