በብርዱ ማሳበብ

ባለቤቴን ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ዳኛው» ነበር የሚሉት። ስሙን የሚያውቅ ቢኖር እኔና እናቱ ብቻ ነን። መኪና ሲገባ ሌሎቹ ይነታረካሉ፤ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ያዳምጣል። ከዚያ አንድ ነገር ይናገራል፣ ያ ይሠራል፣ አለቀ። አጥብቆ የሚጠላው አንድ ዓይነት መካኒክ ነበር፤ «ዕቃ ቀያሪ» ይለዋል። ገመዱን ሳይነካ፣ ማሰሪያውን ሳይነቀንቅ ባትሪ ቀይሩ፣ ሞተር ማስነሻውን ሞተሪኖ ቀይሩ የሚል ሰው ካጋጠመው ያን ቀን እራት አይበላም። የሰው ባል ለሚስቱ ስለ ቁንጅናዋ ያወራላታል፤ የኔው ዕድሜውን ሙሉ ያወራልኝ ስለ ዝገት ነው።

ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም ጋራዡን ሙያ አስተምሮ ለቁም ነገር ላበቃቸው ልጆች ተወላቸው። በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳ ሆስፒታል እወስደዋለሁ፤ ደሙን የሚያጥብለት ማሽን ሥር ግማሽ ቀን ተጋድሞ ይውላል። ከቀረ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደጋግሞ ከቀረ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ልደግመው አልፈልግም። በዚያ ሰዓት እኛ ሰፈር ታክሲ የሚባል ነገር የለም፤ ያለችን አሮጌዋ መኪናችን ናት፣ ሹፌሯም እኔው።

ብርዱ ሲገባ መኪናዋ አመል አወጣች። ቀን ቀን ምንም አትልም። ማለዳ፣ ጣራዋ ላይ አመዳይ ካደረ ግን ቁልፉን ሳዞር ታቃስታለች፣ መብራቷ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ጭጭ። አውቶማቲክ ስለሆነች ተገፍታም አትነሳም። አንድ ጠዋት ጨርሳ እምቢ አለችና ቀጠሮው አለፈን።

የምትቆመው እሱ የሚተኛበት ክፍል መስኮት ሥር ስለሆነ ሁሉንም ይሰማል። ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ባትሪ ነው አለኝ። ልጆቹን ጠራሁ። አሁን ጋራዡን የሚመራው ትልቁ መጣና ኮፈኑን ከፈተ። መለኪያውን እንኳ ከሳጥኑ አላወጣም። «እትዬ፣ ጋሼ ካሉ ምን እንጨምራለን?» አለኝና አዲስ ባትሪ አስገባ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትለመን ቆይታ በስንት መከራ ተነሳች። ዳኛው ይህን ሲሰማ እንግዲያው ሞተሪኖው ነው አለ። ልጆቹ እሱንም ቀየሩት። የሌላ ሰው መኪና ብትሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሿት ነበር፤ የእሱን ቃል መፈተሽ ግን ነውር ሆነባቸው። በሚቀጥለው ማለዳ መኪናዋ ከነአዲሱ ዕቃዋ ድርቅ አለች። ሁለተኛ ቀጠሮ ቀረ ማለት ነው።

መሪውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። መጀመሪያ በመኪናዋ ተናደድኩ፣ ቀጥዬ በልጆቹ። በኋላ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው በላይ በላዩ የሚሳሳተው? ከመቼ ወዲህስ ነው ገመድ ሳያስነካ ቀይሩ የሚለው?

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከባትሪው ወጥቶ የሞተሩ ብረት ላይ የሚታሰረውን ወፍራም ጥቁር ገመድ በእጄ ተከተልኩት። ሌላው ብረት ሁሉ በረዶ ሆኗል። የገመዱ ጫፍ ግን ይፋጃል፤ እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ማሰሪያውን ዝገትና ነጭ ዱቄት በልቶታል። ኤሌክትሪኩ እዚያ ታግዶ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ሞተሩ ዘይቱ በብርድ ወፍሮበት ብዙ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት የሚደርስለት የለም። ይህን ስንት ጊዜ እራት ላይ የነገረኝ ራሱ ነው።

ገባሁ። ካፖርቱን ለብሶ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«የማሰሪያው ገመድ ይፋጃል» አልኩት።

የካፖርቱን ቁልፎች መፍታት ጀመረ።

«ታውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አለ።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ማሽኑ እንዳንገሸገሸው፣ ከዚያ ወጥቶ የሚውለው ቀን ቀን እንዳልሆነለት፣ እኔም ከስቼ ከስቼ አጥንቴ እንደቀረ። አልሄድም ብሎ ዓይኔን ለማየት አቅም አጣ። መኪናዋ እምቢ ካለች ግን ማንም ማንንም አልተወም፤ ጥፋቱ የብርዱ ነው። ጉድ እኮ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሲረግመው የኖረውን ዕቃ ቀያሪ የሆነው ለእኔ ብሎ ነው። ልቤ ተሰበረ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

«አሁን ሄጄ አጸዳዋለሁ፣ መኪናዋም ትነሳለች» አልኩት። «አልሄድም ካልክ በአፍህ ንገረኝ። በብረት አታናግረኝ።»

መፍቻና ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው ብሎኑ ሁለቴ አመለጠኝ። ማሰሪያውን ፈትቼ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ መልሼ አጠበቅኩት። ቁልፉን ሳዞር ባንዴ ተነሳች። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ግድግዳውን እየተደገፈ ወጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። ሞተሩን ትንሽ አዳመጠና በደንብ አጥብቀሽዋል አለኝ። ሄደን ሆስፒታሉ ለዛሬ ከሰዓት ተራ እንዲሰጠን ለመለማመጥ ተስማማን። ለሚቀጥለው ግን መጀመሪያ ጠይቂኝ አለኝ።

ጠየቅኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው ሞተሩን አስነስቼ እገባና ትሄዳለህ ወይ እለዋለሁ። አንዳንዴ እየተነጫነጨ፣ አንዳንዴ ይቺ ሴት ከሞተሪኖም ትብሳለች እያለ ይነሳል። ለልጆቹ ምንም አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ ጋሼም አንድ ጊዜ ተሳስተዋል ይላሉ።

ብርዱ ለቆ ማለዳው መሞቅ ሲጀምር እንደ ልማዴ ገብቼ ጠየቅኩት። እጄን ያዘ።

«ዛሬ አልሄድም» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ።

ወጥቼ ሞተሩን አጠፋሁት። ከዚያ ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።